ተማሪው መምጣት ካልቻለ አስተማሪው ይሂድ፦ የጓቲማላ መጋቢዎች ሥልጠና እንዴት ተገለበጠ

ታሪኩ የሚጀምረው ከአንድ ደስ ከማይል ቆጠራ ነው።

ዓመቱ 1962። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አገሩ ጓቲማላ። የፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን በዋና ከተማው መጋቢዎች የሚሠለጥኑበት ሴሚናሪ ነበራት። ሴሚናሪው ከተከፈተ 25 ዓመት ገደማ ሆኖታል። ኃላፊዎቹ አንድ ቀላል ጥያቄ አነሡ፤ እስከ ዛሬ ያስተማርናቸው ሰዎች የት ደረሱ? መዝገብ ተገለጠ። በነዚያ ዓመታት የተመዘገበው ተማሪ ከ200 በላይ ነው። ከነሱ መካከል አሁንም በመጋቢነት ላይ ያሉት አሥር ሆነው ተገኙ።

አሥር። መጀመሪያ ሳነበው አንድ ዜሮ የተዘለለ መስሎኝ ነበር።

እንዲህ ዓይነት ቁጥር ሲወጣ ሰው የሚያደርገው የታወቀ ነው። ወይ መዝገቡን ይዘጋል፣ ወይ ተማሪዎቹን ይወቅሳል። «ጥሪ አልነበራቸውም»፣ «ዓለም ወሰዳቸው» ይባልና ነገሩ ያበቃል። የጓቲማላዎቹ ግን ጣታቸውን ወደ ተማሪው አልቀሰሩም። ትምህርት ቤቱን ራሱን ጠረጠሩ። ይህን ጉዳይ ለጥናት የመረጥኩት በዚህ ምክንያት ነው።

ጎበዙ ልጅ ሄዶ ቀረ

ትንሽ ወደ ኋላ እንመለስ። የፕሬስቢቴሪያን ተልእኮ ጓቲማላ የገባው በ1882 ነው። ጆን ክላርክ ሂል የተባለው ሚስዮናዊ የመጣው በፕሬዚዳንት ሁስቶ ሩፊኖ ባሪዮስ ግብዣ ነበር። ከዚያ በኋላ በነበሩት አሥርት ዓመታት ጉባኤዎች በዋና ከተማው ብቻ አልቀሩም። ስፓኒሽ በሚነገርበት ሞቃታማው የባሕር ዳርቻ ሜዳ፣ ማም እና ኪቼ በሚነገሩበት ደጋማው ምዕራብም ተተከሉ። አብዛኛው ምእመን የገጠር ሰው ነው። ሴሚናሪው ግን ያለው ከተማ ውስጥ ነው።

አሠራሩ በየትኛውም አገር የምናውቀው ነው። ከአንዱ መንደር ጎበዝ የሚባል ወጣት ይመረጣል። ያላገባ ቢሆን ይመረጣል፣ ምክንያቱም የግቢው አዳሪ ቤት ለቤተሰብ አልተሠራም። ከተማ ይገባል። ለዓመታት በሰው ወጪ ይኖራል፣ ይማራል፣ ልብሱም አነጋገሩም ይለወጣል። ሲጨርስ ሁለት መንገድ ይጠብቀዋል። ወደ መንደሩ መመለስ አንዱ ነው፤ እዚያ ያለችው ትንሽ ጉባኤ ለተማረ ሰው የሚበቃ ደመወዝ የላትም። እዚያው ከተማ ሥራ መፈለግ ሌላው ነው። ብዙዎቹ የትኛውን እንደ መረጡ ቁጥሩ ነግሮናል።

በዚህ መሐል መንደር ያለችው ጉባኤ ያለ እረኛ አልቀረችም። ይህ ሁሌ የሚረሳ ነገር ነው። ወጣቱ ከተማ ሄዶ ሲማር፣ እዚያው መንደር አንድ ጎልማሳ ገበሬ አለ። ሚስትና ልጆች አሉት። ትምህርቱ ከጥቂት ክፍል አላለፈም። ሙት ሲኖር የሚቀብረው እሱ ነው። ባልና ሚስት ሲጣሉ የሚጠራው እሱ ነው። እሑድ መጽሐፍ ቅዱሱን ገልጦ የሚቆመው እሱ ነው። ሰዉ ሁሉ «መጋቢያችን» ሊለው ይችላል፤ በሴሚናሪው መዝገብ ግን ስሙ የለም። ሊኖርም አይችልም፤ እርሻውንና ቤተሰቡን ጥሎ ከተማ መክረም አይሆንለትም።

ሚስዮናውያኑ ራልፍ ዊንተርና ጄምስ ኤመሪ፣ ከጓቲማላውያን ባልደረቦቻቸው ጋር ያዩት ይህን ነበር። ዊንተር በትምህርቱ መሐንዲስ ነው፤ በኋላ በቋንቋ ጥናት ዶክትሬት ይዟል። ከ1956 ጀምሮ በደጋው ከማም ሕዝብ ጋር ሠርቷል። መሐንዲስነቱ ሳይረዳው አልቀረም ብዬ አስባለሁ። ማሽኑ የሚያወጣው ነገር ከተበላሸ ማሽኑን ፈትተህ ታያለህ እንጂ ጥሬ ዕቃውን አትሳደብም።

የደረሱበት መደምደሚያ በአጭሩ ይህ ነው፤ የተሳሳቱ ሰዎችን እያሠለጠንን ነው። ወጣቶቹ መጥፎ ሆነው አይደለም። ወንበሩ ላይ መቀመጥ የነበረባቸው ግን ቀድሞውኑ መንጋ እየጠበቁ ያሉት ናቸው።

የመጀመሪያው ሙከራ አልበቃም

መጀመሪያ ያደረጉት ግቢውን መንቀል ነው። ሴሚናሪው ከዋና ከተማው ወጥቶ በሬታሉሌው አውራጃ ወዳለችው ሳን ፌሊፔ ተዛወረ። ቦታዋ በደንብ የታሰበባት ነው። የባሕር ዳርቻው ሜዳ ወደ ደጋው መውጣት የሚጀምርበት፣ የቡና እርሻ የበዛበት፣ ከቆላም ከደጋም ለሚመጣ ሰው አማካይ የሆነ አካባቢ ነው። «ከተማ ድረስ መምጣት ካቃታቸው እኛ እንቅረባቸው» ነው ሐሳቡ።

አልሠራም። በትክክል ለመናገር፣ ግማሹን ብቻ ነው የሠራው። ግቢው ገጠር ገባ፤ ሕጉ ግን ያው የአዳሪ ትምህርት ቤት ሕግ ነው። ሥራና ቤተሰብ ላለው ሰው ደግሞ ርቀት የሚለካው በኪሎ ሜትር ብቻ አይደለም። በሳምንት አምስት ቀን ክፍል መቀመጥ ለማይችል ሰው፣ ትምህርት ቤቱ ጎረቤቱ ቢሆንም ሩቅ ነው።

ብዙ ተቋም እዚህ ላይ ይቆማል። ሕንፃ አዛውረናል፣ ገንዘብ አውጥተናል፣ እንግዲህ የማይመጣ የራሱ ጉዳይ ነው ይባላል። እነሱ ግን አንድ እርምጃ ጨመሩ። በ1963 ነገሩን ጭራሽ ገለበጡት። ተማሪው ወደ ትምህርት ቤቱ ከሚመጣ፣ ትምህርት ቤቱ ወደ ተማሪው ይሄዳል።

እንዲህ ነው የሚሠራው። ተማሪው ባለበት ይኖራል፣ እርሻውን ያርሳል፣ ጉባኤውን ያገለግላል። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ቤቱ ያጠናል። በሳምንት አንድ ጊዜ በአቅራቢያው ባለ ማዕከል፣ ብዙ ጊዜ በአንዱ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ እንደሱ ያሉ ጥቂት ሰዎች ይሰበሰባሉ። አስተማሪው ከሳን ፌሊፔ ተነሥቶ ወደነሱ ይመጣል። ቁጭ ብለው ይወያያሉ። በወር አንድ ጊዜ ደግሞ ከየማዕከሉ ያሉት ሁሉ ሳን ፌሊፔ ላይ ይገናኛሉ።

ይህ አሠራር በኋላ በዓለም ዙሪያ «ቲኢኢ» በሚል አጭር ስም ታወቀ። በአማርኛ «ባሉበት የሚሰጥ የነገረ መለኮት ትምህርት» ብንለው ያስኬዳል። «የርቀት ትምህርት» የሚሉት አሉ፤ እኔ አይመቸኝም። የርቀት ትምህርት ላይ ተማሪው ብቻውን ነው። እዚህ ግን ሳምንታዊው ስብሰባ ከወጣ የሚቀረው ባዶ ነው።

መጽሐፉ ሌላ ራስ ምታት ነበር

ዕቅዱ ሲነገር ቀላል ይመስላል። ሥራ ላይ ሲውል መጀመሪያ የተሰበረው መጽሐፉ ነው።

አስተማሪዎቹ በድሮ ልማዳቸው «ከዚህ ገጽ እስከዚህ ገጽ አንብባችሁ ኑ» አሉ። የነገረ መለኮት መጽሐፍ ደግሞ የሚጻፈው መምህር ከፊቱ ቆሞ ለሚያብራራለት የኮሌጅ ተማሪ ነው። ቀኑን ሙሉ ሲሠራ የዋለ ሰው ማታ ደክሞት ሲገልጠው ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ይተኛል። ቢያነበውም ዋናው ነገር የቱ እንደሆነ አይለይም። ስለዚህ ሳምንታዊው ስብሰባ ላይ አስተማሪው ያልተነበበውን መጽሐፍ እንደገና ማስተማር ይጀምራል። ውይይት ይቀርና ሌክቸር ተመልሶ ይመጣል። በር ቀይሮ እንጂ ያው ሌክቸር።

መፍትሔው አዲስ ዓይነት መጽሐፍ መጻፍ ሆነ። ተማሪው ብቻውን ሊሄድበት የሚችል፣ በትንንሽ የተከፈለ፣ እያነበበ የሚጽፍበት የሥራ ደብተር። አጭር አንቀጽ፣ ጥያቄ፣ የመልስ ቦታ፣ ሌላ አንቀጽ፣ ሌላ ጥያቄ። አዲስ ኪዳን አጥንቶ በ1964 የተቀላቀላቸው ሮስ ኪንስለር በዚህ ሥራ ብዙ ደክሟል። እንዲህ ያለ መጽሐፍ መጻፍ ስብከት ከመጻፍ ይከብዳል። አንባቢህ የት ላይ እንደሚደናቀፍ ቀድመህ ማወቅ አለብህ፤ ስትጽፍ ፊቱን አታየውም።

ሌላው ችግር የትምህርት ደረጃ ነው። አንዱ መጋቢ ስድስተኛ ክፍል አልጨረሰም። ሌላው ሁለተኛ ደረጃን አጠናቋል። ከተማ ያለው ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ገብቷል። አንድ ላይ ይማሩ ቢባል አንዱ ይሰለቻል፣ ሌላው ይሰምጣል። ጓቲማላዎቹ ተመሳሳዩን የትምህርት ይዘት በተለያየ ደረጃ አዘጋጁት። እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል። በሌላ ቦታ ዝቅተኛው ደረጃ የሚሰጠው «የወንጌላዊ ኮርስ» ተብሎ ነው፤ መጋቢ የሚሆነው ከላይኛው ደረጃ የወጣው ብቻ ነው። እነሱ ግን ሰውዬው የሚጠበቅበትን አገልግሎት በክፍል ቁጥር አልለኩትም። ሽበት ያበቀለው ገበሬ ከታችኛው ደረጃ ቢማርም መጋቢ ነው፤ መንጋው ያውቀዋል።

ዊንተር ከዚህ ጎን ለጎን ሌላ ነገርም ሞክሯል። መጋቢዎች ራሳቸውን የሚደጉሙባቸው ትናንሽ ንግዶች እንዲጀመሩ ረድቷል፤ የሕይወት ታሪኩን የጻፉት 17 ያደርሷቸዋል። እሱ ራሱን የቻለ ርዕስ ነውና እዚህ አልገባበትም። ነገር ግን ደመወዝ መክፈል የማትችል ጉባኤ ሙሉ ጊዜውን የሚሰጥ መጋቢ ጠብቂ ማለት፣ መጋቢ አታግኚ ማለት መሆኑን ቀድሞ እንደ ገባው ያሳያል።

ጠረጴዛው ዙሪያ ምን ይደረጋል?

አሁን ወደ ዋናው ነገር መጣን። መዛወሩም፣ መጽሐፉም፣ ደረጃውም ለዚህች ለሳምንታዊዋ ሰዓት የተደረጉ ናቸው።

ቴድ ዋርድ የሚባል የሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ የትምህርት ባለሙያ ነገሩን በአጥር መስሎታል። ሁለት አግዳሚ እንጨት ያለው የእርሻ አጥር አስቡ። የላይኛው አግዳሚ ዕውቀት ነው፤ ተማሪው ከመጽሐፍ የሚያገኘው። የታችኛው ሥራ ነው፤ ተማሪው በጉባኤው ውስጥ በየቀኑ የሚያደርገው። ሁለቱ እንዲሁ አይገናኙም፤ ጎን ለጎን ሲሄዱ ይኖራሉ። የሚያያይዟቸው በየመሐሉ የተተከሉት ቋሚዎች ናቸው። ቋሚዎቹ የውይይት ስብሰባዎቹ ናቸው። በኋላ አፍሪካ ውስጥ የሠራው ፍሬድ ሆላንድ ይህንኑ ምሳሌ ወደ ባቡር ሐዲድ ቀየረው፤ ሁለት ብረት፣ ከሥር ደግሞ የሚያስተሳስሯቸው ጣውላዎች።

ምሳሌው ያማረ ነው። አንድ ነገር ግን ይደብቃል። ቋሚ እንጨት አንዴ ከተተከለ ይቆማል። ውይይት ግን በየሳምንቱ ሊወድቅ ይችላል፤ አብዛኛውን ጊዜም የሚጥለው አወያዩ ነው።

ይህን የምለው ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። አንድ ወቅት ትንሽ የመጋቢዎች ቡድን እንዳወያይ ተጠይቄ ነበር። ሰባት ሰዎች ናቸው። የሳምንቱን ክፍል አጥንተው መጥተዋል። እኔም ተዘጋጅቼአለሁ፤ እንዲያውም ከመጠን በላይ። «ለመንደርደሪያ ያህል» ብዬ ጀመርኩ። መንደርደሪያዬ አርባ ደቂቃ ፈጀ። መሐሉ ላይ አንድ አዛውንት ደብተራቸውን በቀስታ ዘጉ፣ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ኪሳቸው ከተቱ። ስጨርስ «ልጄ፣ ተባረክ» አሉኝ። ቀጥለውም «እኛስ መቼ ነው የምንጀምረው?» አሉ። ሰዉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፣ ላብ እያጠመቀኝ። ደብተራቸውን በኋላ ተውሼ አየሁት፤ ለእያንዳንዱ ጥያቄ በእርሳስ፣ በትንንሽ ፊደል፣ እስከ ጠርዙ ሞልተው ጽፈዋል። እኔ አርባ ደቂቃ ያብራራሁት ግማሹ እዚያው ተጽፎ ነበር።

ስለዚህ የመጀመሪያው ነገር ይህ ነው። ቤት የተሠራ ሥራ ስብሰባ ላይ አይደገምም። አንድ ምሳሌ ልስጥ። ክፍሉ ማርቆስ 8 ነው እንበል፣ ኢየሱስ ደቀ መዛሙርቱን በመንገድ ላይ ማን እንደሚሉት የጠየቀበት። ቤት ያለው መጽሐፍ ይጠይቃል፤ ሕዝቡ ማን አሉት? ጴጥሮስ ምን ብሎ መለሰ? ወዲያው ኢየሱስ ስለ መከራው ሲናገር ጴጥሮስ ለምን ገሠጸው? ሁሉም ጽፈው መጥተዋል። አወያዩ «ጴጥሮስ ምን ብሎ መለሰ?» ብሎ ከጀመረ፣ አንዱ ይመልሳል፣ ስድስቱ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ ነገሩ ሞተ። የአንደኛ ክፍል ጥያቄ ለጎልማሳ ሰው ስድብ ነው።

ይልቅ እንዲህ ቢጠይቅስ? «ጴጥሮስ በአንድ ትንፋሽ ትክክለኛውን መልስ ሰጠ፣ በሌላው ደግሞ ተሳሳተ። በጉባኤያችሁ እንዲህ ያለ ሰው አለ? አፉ ትክክል የሆነ፣ መስቀሉ ሲነሣ ግን የሚሸሽ?» ዝም ይላሉ። ዝምታው ይርዘም፤ አወያዩ ዝምታውን እንዲሞላ አይፈቀድለትም። ከዚያ አንዱ «ሰው ሩቅ ለምን እንፈልጋለን» ይላል። ስለ ራሱ ያወራል። ሁለት ወር ሙሉ አንድ ሀብታም ምእመን ላይ ተግሣጽ መናገር ፈርቶ ዝም ማለቱን ይናገራል። ደቀ መዝሙርነት እዚህ ላይ ከርዕስነት ወጥቶ ጠረጴዛው ላይ ይቀመጣል።

ሁለተኛው ነገር፣ በእኔ ግምት ከሁሉ የሚበልጠው፣ የሚቀጥለው ሳምንት የመጀመሪያ ጥያቄ ነው። «ባለፈው አደርገዋለሁ ያልከው ነገር ምን ደረሰ?» የሚለው። ያ ሰው ምእመኑን አነጋገረው? ካነጋገረ ምን ሆነ? ካላነጋገረ ምን ያዘው? ይህች ጥያቄ የሌለችበት ውይይት ደስ ይላል፣ ግን ማንንም አይለውጥም። ሌላ ዓይነት ስብሰባ ይህን ሊያደርግ አይችልም። የሦስት ቀን ኮንፈረንስ ላይ ሰው ይነካል፣ ያለቅሳል፣ ይወስናል። የቡድን ፎቶ ይነሣል፣ ሰርተፍኬት ይይዛል፣ ይሄዳል። ሰኞ ጠዋት ማን ይጠይቀው? የጓቲማላው አሠራር አንዱ ብልጫ በየሳምንቱ መደጋገሙ ነው፤ የሸሸ ሰው ከስድስት ቀን በላይ አይሸሽም።

ስለ ማበረታታትም እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። መጋቢ ብቸኛ ሰው ነው። የሰው ሁሉ ምስጢር እሱ ጋ ነው፣ የሱ ምስጢር ግን የትም አይሄድም። ለምእመኑ ቢናገር ይናቃል ብሎ ይፈራል፤ ለበላይ አካል ቢናገር ፋይሉ ውስጥ ይገባል ብሎ ይፈራል። «አይዞህ፣ በርታ» የሚል ስብከት ለዚህ ሰው ብዙ አይረዳውም፤ እሱ ራሱ በየሳምንቱ የሚሰብከው ነውና። የሚያበረታው፣ ችግሩን ሲናገር ጠረጴዛው ማዶ ያለው ሌላ መጋቢ «እኔም» ሲለው ነው። የሳን ፌሊፔው አሠራር ይህን በዋና ግብነት አላስቀመጠውም፤ ግቡ ማሠልጠን ነበር። ግን እርስ በርሳቸው ተራርቀው በየፊናቸው ይሠሩ የነበሩ ሰዎች በየሳምንቱ ፊት ለፊት ሲቀመጡ፣ ማበረታታቱ ሳይጠሩት ይመጣል።

ቁጥሩንም ልናገር፤ ከአሥር ወይም ከአሥራ ሁለት ሰው ካለፈ ውይይት አይሆንም። ሁለት ተናጋሪና አሥር አድማጭ ይፈጠራል። ከአራት ካነሰ ደግሞ አንዱ ሲቀር ቡድኑ ይፈርሳል።

የሆነውና ያልሆነው

ሳን ፌሊፔ ውስጥ የተማሪው ቁጥር ቶሎ ነው ያደገው። ድሮ በጣት ይቆጠሩ ከነበሩት አዳሪዎች ተነሥቶ ጥቂት ዓመታት ሳይሞላ መቶን አለፈ። ለውጡ ግን ከቁጥሩ ይልቅ በሰዎቹ ማንነት ይታያል። አሁን የሚማሩት ባለ ትዳሮች፣ ገበሬዎች፣ ነጋዴዎች፣ ሠራተኞች፣ የጉባኤ ሽማግሌዎች ናቸው። ሲመረቁ «የት ይመደቡ?» የሚል ጥያቄ የለም። ድሮውኑ ምድባቸው ላይ ነበሩ።

ዊንተር በ1966 ጓቲማላን ለቅቆ ካሊፎርኒያ ባለው የፉለር ሴሚናሪ ለማስተማር ሄደ። በቀጣዩ ዓመት ኮሎምቢያ ውስጥ አርሜንያ በምትባል ከተማ ከላቲን አሜሪካ የተሰበሰቡ መምህራን ስለዚህ አሠራር መከሩ። ከዚያ በኋላ ፍጥነቱ የሚያስደንቅ ነው። በ1971 ሕንድ ውስጥ በዚሁ አሠራር የሚያስተምረው ታፍቲ የተባለው ተቋም ተመሠረተ። በዚያው ጊዜ ደቡብ አሜሪካ ውስጥ አንግሊካኖች ሲያን የተባለውን ፕሮግራም አዘጋጁ፤ የክርስቶስን ሕይወት የሚያስጠናው ኮርሱ ወደ ብዙ ቋንቋዎች ተተርጉሟል። ወደ አፍሪካም ገባ። ኪንስለር በ1970ዎቹ መጨረሻ ወደ ጄኔቭ ሄዶ በዓለም አብያተ ክርስቲያናት ምክር ቤት የነገረ መለኮት ትምህርት ክፍል ውስጥ መሥራት ጀመረ።

ሲስፋፋ የጠፋውን ነገርም ልናየው ይገባል። መጽሐፍ በአውሮፕላን ይሄዳል፤ ጥሩ አወያይ ግን አይሄድም። ብዙ ቦታ የሥራ ደብተሩ ብቻ ተወሰደና ስብሰባው መልስ ማረሚያ ሆነ። «ቁጥር አራት ምን አላችሁ? ትክክል። ቁጥር አምስት?» ይህን በፖስታ መላክም ይቻላል፤ ሰው ማታ እግሩን ማድከም አያስፈልገውም። ሐያሲዎቹ ሌላም ነገር አነሡ። ባዶ ቦታ እየሞላ የሚማር ሰው የተዘጋጀለትን መልስ መድገም ይለምዳል እንጂ መጠየቅ አይለምድም አሉ። ይህ በ1970ዎቹ ላቲን አሜሪካ ውስጥ ተማሪ የተሰጠውን ከመቀበል ይልቅ መጠየቅ አለበት ይል የነበረው የብራዚላዊው የትምህርት ሊቅ የፓውሎ ፍሬሬ ሐሳብ ሲነገር በነበረበት ወቅት ቀላል ትችት አልነበረም። እኔም ትችቱ ልክ ነው ብዬ አስባለሁ፤ ግን መጽሐፉ ላይ ሳይሆን ጠረጴዛው ላይ ነው የሚወድቀው። የታረመ መልስ ይዞ የመጣ ሰው እዚያ ካልተከራከረ፣ ካልጠየቀ፣ «ይህ እኛ ጋ እንዴት ይሆናል?» ካላለ፣ ያለው ደብተር ብቻ ነው።

የክብር ጥያቄም አለ። ግቢ ገብቶ ለዓመታት የተማረ ሰው፣ እርሻው ላይ ሆኖ የተማረውን እኩል አድርጎ ማየት ይከብደዋል። «ርካሽ ትምህርት» የሚለው ስም ቲኢኢ በሄደበት ሁሉ ይከተለዋል። የሚገርመው ስሙን የሚያወጡት ብዙውን ጊዜ እርሻው ላይ ሆኖ የተማረው ሰው ባለበት ጉባኤ ውስጥ ማገልገል የማይፈልጉ ናቸው። ግን አንድ ነገር አይካድም፤ ግሪክና ዕብራይስጥ ጠንቅቆ የሚያውቅ፣ ተርጓሚ፣ ጸሓፊ፣ መጻሕፍት ቤት ውስጥ የሚኖር ሰውም ያስፈልጋል። በሳምንት አንድ ማታ እሱን አያወጣም። ሁለቱን ማፎካከር አያስፈልግም ነበር፤ ሆኖም ገንዘብ ሲያጥር ይፎካከራሉ።

ይህን ሞዴል ለመውሰድ የሚያስብ ሰው ቢጠይቀኝ

መጽሐፉን አስቀድሞ አያስተርጉም እለዋለሁ። ሁሉም የሚቸኩለው እዚያ ነው፤ ምክንያቱም ሲታይ ሥራ ይመስላል። መጀመሪያ ዞር ዞር ብሎ የሚያየው ይኑር። በየጉባኤው በትክክል የሚጠብቀው ማን ነው? በወረቀት ላይ ያለውን ሳይሆን፣ ሌሊት በር የሚንኳኳበትን ሰው። ስማቸው ሲጻፍ ማን ማንበብ እንደሚችል፣ ምን ያህል ጊዜ እንዳለው፣ የት መሰብሰብ እንደሚቀለው በራሱ ይወጣል።

ከዚያ አወያይ ይፈለጋል። አስተማሪ ሳይሆን አወያይ። ጥሩ ሰባኪ ብዙ ጊዜ መጥፎ አወያይ ነው፤ ዝምታ ያስጨንቀዋል። እኔ የምመርጠው ጥያቄ ጠይቆ እስከ ሃያ መቁጠር የሚችለውን ነው። እሱም ቢሆን ለብቻው አይላክ። አወያዮቹ ራሳቸው በወር አንድ ጊዜ ክብ ሠርተው ይቀመጡ፣ የወደቀባቸውን ሳምንት ይናገሩ። ሳን ፌሊፔ ላይ በየወሩ የነበረው ስብሰባ ለምን እንዳስፈለገ የገባኝ እኔ ራሴ ያቺን አርባ ደቂቃ ከተናገርኩ በኋላ ነው።

በመጨረሻ መዝገብ። የ1962ቱ ቆጠራ ባይደረግ ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ። ስለዚህ ቡድኑ ሲጀመር አንድ ደብተር ይከፈት፤ ማን እንደ ተመዘገበ ሳይሆን፣ ከአምስት ዓመት በኋላ ማን የት እንዳለ የሚጻፍበት። እኔ ያወያየሁት ቡድን ሰባት ነበር። አንዱ ሥራ ቀይሮ ሌላ ቦታ ሄዷል፤ እዚያም ቤት ውስጥ ቡድን ጀምሯል። አንዱ አቁሟል፣ ምክንያቱን አልነገረንም። አምስቱ ያሉበት አሉ። አዛውንቱም እንዲሁ፤ አሁን የሚያወያዩት እሳቸው ናቸው።